ቀለሙ የት ሄደ? «ሁለት በሁለት አድርጉት» የሚለው ምክር ሲመረመር

ኅዳር ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። ከከተማ ራቅ ብለን አንድ ሜዳ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር ጋቢ ተከናንበን ቆመናል። በትውስት ያገኘነው ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕና አንድ የቀለም ካሜራ አለን። ዒላማችን የኦሪዮን ኔቡላ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሚፈጁ 90 የሚሆኑ ፎቶዎች አነሳን። ካሜራውን ያስተካከልኩት እኔ ነበርኩ። «ቢኒንጉን 2 በ2 አድርጉት፤ አራት እጥፍ ብርሃን ይሰጣችኋል» አልኩ፣ በሙሉ ልብ። ለዓመታት ስሰማውና ሳነበው የኖርኩት ምክር ነዋ!

ጠዋት ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ደራረብናቸው። የጋዙ ደመና አለ፣ ኮከቦቹ አሉ፣ ቅርጹም ያምራል። ግን ሁሉም ግራጫ ነው። ቀዩም ሐምራዊውም የለም። ሁላችንም ዝም አልን። በመጨረሻ አንዷ ተማሪ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ቀለሙ የት ሄደ?» አለችኝ።

ቀለሙን ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ከ1,300 የብርሃን ዓመት ርቀት ተጉዞ የመጣ ብርሃን፣ ካሜራችን ላይ ከደረሰ በኋላ አንድ ምርጫ ላይ ባደረግኩት ምልክት ተበላሸ። ሌሊቱን ለምን አላያችሁትም ትሉ ይሆናል። የቀለም ካሜራ ጥሬ ፋይል ስክሪን ላይ ሲታይ መጀመሪያውኑ ግራጫ ነው። ቀለሙ የሚወጣው በኋላ፣ በሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ምክር ይመረምራል። «የጥልቅ ሰማይ ፎቶ የምታነሳ ከሆነ 2 በ2 አድርግ» የሚለው አባባል ዛሬም በየማስተማሪያ ቪዲዮው ይነገራል። የእኔ መከራከሪያ አጭር ነው፦ ምክሩ ውሸት ሆኖ አልተወለደም፤ ለሌላ ካሜራ የተሰጠ ምክር ነበር። ለዛሬ የቀለም ካሜራ ግን በአብዛኛው ትክክለኛው መንገድ በ1 በ1 ማንሳት፣ ማጣመር ካስፈለገም በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማጣመር ነው።

ቢኒንግ ምንድን ነው?

የካሜራ ሴንሰር በብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች የተሞላ ነው። ፒክስል የምንላቸው እነሱ ናቸው። ቢኒንግ ማለት ጎረቤታሞች የሆኑ ፒክስሎችን አጣምሮ እንደ አንድ ትልቅ ፒክስል መቁጠር ነው። 2 በ2 ሲባል አራት ፒክስሎች አንድ ይሆናሉ። 26 ሚሊዮን ፒክስል የነበረው ፎቶ ወደ 6.5 ሚሊዮን ይወርዳል።

እስቲ ዝናብ ሲዘንብ ግቢያችሁ ውስጥ አራት ጣሳ አስቀምጡ። ዝናቡ ሲያባራ የአራቱንም ውሃ አንድ ባልዲ ውስጥ ገልብጡት። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ከአንዱ ጣሳ አራት እጥፍ ነው። ታዲያ ዝናቡ ጨመረ? አልጨመረም። የወረደው ውሃ ያው ነው፤ እናንተ የሰበሰባችሁት ከሰፋ ቦታ ነው።

«አራት እጥፍ ብርሃን» የሚለው የምክሩ ልብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። የሚገባውን ብርሃን የሚወስነው የቴሌስኮፑ አፍ ስፋትና የምታነሱበት ጊዜ ነው። ቢኒንግ አንድ ፎቶን እንኳ አይጨምርም። ትልቁ ፒክስል ብዙ ብርሃን ያለው መስሎ የሚታየው የሰማዩን ሰፋ ያለ ክፍል ስለሚሸፍን ብቻ ነው።

ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ፎቶኖች እንደ ዝናብ ጠብታ ሳይጠበቅ ስለሚወርዱ፣ የምንቆጥረው ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ ይዋዥቃል። ይህን መዋዠቅ ጫጫታ እንበለው። አራት ፒክስል ሲደመር ሲግናሉ 4 እጥፍ ሲሆን ጫጫታው ግን 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሲግናልና የጫጫታ ንጽጽር 2 እጥፍ ይሻሻላል። ዋጋው ደግሞ ዝርዝር ማጣት ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይህን ድምር የት ላይ ብናካሂደው ይሻላል የሚለው ነው፦ ካሜራው ውስጥ ወይስ በኋላ?

ምክሩ ከየት መጣ?

ምክሩ የመጣው ከሲሲዲ ካሜራዎች ዘመን ነው። ሲሲዲ ሴንሰር ላይ የተጠራቀመው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ከፒክስል ወደ ፒክስል እየተገፋ ሄዶ ጫፍ ላይ ባለ አንድ መለኪያ ይቆጠራል። መለኪያው ፍጹም አይደለም፤ በለካ ቁጥር ትንሽ ይሳሳታል። ይህ የንባብ ጫጫታ ይባላል። ሲሲዲ ላይ 2 በ2 ስታደርጉ የአራቱ ፒክስሎች ቻርጅ ከመለካቱ በፊት ይቀላቀላል። አራት ጊዜ ይለካ የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ይለካል። አራት ጊዜ መሳሳት ቀርቶ አንድ ጊዜ መሳሳት ይሆናል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ከደብዛዛ ኔቡላ በእያንዳንዱ ፒክስል 5 ኤሌክትሮን ደረሰን እንበል፤ በአራቱ ድምር 20። የሲሲዲው የንባብ ጫጫታ ደግሞ 8 ኤሌክትሮን ይሁን። ብዙ ታዋቂ የሲሲዲ ካሜራዎች በዚህ አካባቢ ነበሩ። አራቱን ለየብቻ አንብበን በኋላ ብንደምር ጠቅላላ ጫጫታው ወደ 16.6 ይጠጋል፤ ሲግናሉ ከጫጫታው በ1.2 እጥፍ ብቻ ይበልጣል። ቺፑ ላይ አጣምረን አንድ ጊዜ ብናነብ ግን ጫጫታው ወደ 9.2 ይወርድና ንጽጽሩ 2.2 ይሆናል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው! ከሁለቱ አንደኛው ላይ ኔቡላው ይታያል፤ ሌላኛው ላይ ከጫጫታው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ምክሩን የሰጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። በእጃቸው ለነበረው ካሜራ ልክ ነበሩ።

አሁን ወደ ሲሞስ እንምጣ። ዛሬ የሚሸጡት የሥነ ፈለክ ካሜራዎች አብዛኞቹ ሲሞስ ናቸው። ብዙ ካሜራ ውስጥ የሚገኘውን የሶኒን አይኤምኤክስ 571 ሴንሰር እንውሰድ፤ 26 ሚሊዮን ፒክስል አለው፣ የእያንዳንዱ ስፋት 3.76 ማይክሮሜትር ነው። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ለየብቻው ይነበባል፤ 2 በ2 የሚባለው ድምር የሚሠራው ከተነበበ በኋላ በቁጥር ነው። መሳሳቱ አስቀድሞ አራት ጊዜ ተፈጽሟል። ካሜራው ደመረው፣ ላፕቶፓችሁ ደመረው፣ ሂሳቡ አንድ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ የእነዚህ ሴንሰሮች የንባብ ጫጫታ በጣም ትንሽ ነው፤ በተገቢው ጌይን ወደ 1.5 ኤሌክትሮን ይደርሳል። በዚያው የ20 ኤሌክትሮን ምሳሌ ጠቅላላ ጫጫታው 5.4 ገደማ፣ ንጽጽሩም 3.7 ይሆናል። ያለ ምንም ቺፕ ላይ ማጣመር ከሲሲዲው ምርጥ ውጤት በልጧል ማለት ነው።

የከተማ መብራት ሰማዩን ካደመቀው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከሰማዩ ብርሃን በፒክስል 100 ኤሌክትሮን ቢገባ ጠቅላላ ጫጫታው ወደ 20.7 ይሄዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብ ቢቻል ኖሮ ይህ ወደ 20.5 ይወርድ ነበር። ልዩነቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ምክሩ የተሠራበት ችግር በራሱ ጊዜ ጠፍቷል፤ ምክሩ ግን እየተወራረሰ ቀጥሏል።

የዳማው ሰሌዳ ጉዳይ

እስካሁን ያልነው ለጥቁርና ነጭ ካሜራም ይሠራል። በቀለም ካሜራ ላይ ግን ሌላ ችግር ይጨመራል፤ የእኔን ሌሊት ያበላሸውም ይኸው ነው።

የቀለም ካሜራ ሴንሰር ራሱ ቀለም አያውቅም። በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ተደርጎበታል። አደራደሩ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው፦ በአንዱ ረድፍ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፤ በሚቀጥለው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ከአራት ፒክስል ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። ይህን የፈጠረው የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር ነው፤ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን አደራደሩ ዛሬም የቤየር ሰሌዳ ይባላል። እያንዳንዱ ፒክስል የሚያውቀው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ሶፍትዌሩ ከጎረቤቶች እያየ ይገምታል። ይህ ሥራ ዲቤየር ይባላል።

እንግዲህ በዚህ ሰሌዳ ላይ ጎረቤታሞቹን አራት ፒክስሎች ደምሩ። አንድ ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ አንድ ሰማያዊ፤ ሁሉም በአንድ ድስት ውስጥ። ምን ይወጣል? ግራጫ። ከዚያ በኋላ የትኛው ብርሃን ቀይ እንደነበር የሚነግራችሁ ሶፍትዌር በዓለም ላይ የለም። አንዳንድ የካሜራ ሶፍትዌሮች ውስጥ እንዲህ የሚደምር ምርጫ አለ። እኔ የማደርገውን ሳላውቅ ምልክት ያደረግኩት እዚያ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ድምር ብልህ ይመስላል። ቀይን ከቀይ፣ አረንጓዴን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊን ከሰማያዊ ይደምራል። ቀለሙ አይጠፋም። ግን ቀይ ፒክስሎች አጠገብ ለአጠገብ ስላልሆኑ፣ አንዱ አዲስ «ፒክስል» መረጃውን የሚያመጣው 3 በ3 ፒክስል ከሚሸፍን ቦታ ነው፤ የአዲሶቹ ፒክስሎች ድንበርም እርስ በርስ ይደራረባል። በዚያ ላይ የሚወጣው ፋይል እንደገና የዳማ ሰሌዳ ነው፤ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል፣ ዲቤየርም ገና ይጠብቀዋል። መጀመሪያ አሳነሳችሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሦስቱ ቀለሞች ሁለቱን ገመታችሁ።

አሁን ይህንን ከሌላኛው መንገድ ጋር አስተያዩት። በ1 በ1 አንሱ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሱፐርፒክስል የሚባለውን የዲቤየር ዘዴ ምረጡ፤ ዲፕ ስካይ ስታከር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ለምሳሌ አለ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ የአራት ፒክስል ቡድን ቀዩን እንዳለ ይወስዳል፣ የሁለቱን አረንጓዴ አማካይ ይወስዳል፣ ሰማያዊውን እንዳለ ይወስዳል፤ ሦስቱንም የአንድ ፒክስል ቀለም ያደርጋቸዋል። የሚወጣው ፎቶ 6.5 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ ልክ እንደ 2 በ2ው። ልዩነቱ፣ እዚህ ሦስቱም ቀለሞች የተለኩ እንጂ የተገመቱ አይደሉም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ደግሞ ዋናው ፋይል አለ፤ በሌላ ዘዴ በሙሉ መጠኑ ታወጡታላችሁ። 2 በ2 ተደርጎ ከካሜራ የወጣ ፋይልን ግን ወደ 1 በ1 የሚመልስ መንገድ የለም።

ሌላም አደጋ አለ። ብዙ ፋይሎች ቁጥር የሚይዙት እስከ 65,535 ድረስ ነው። በኦሪዮን ኔቡላ መሃል፣ ደማቆቹ ኮከቦች አካባቢ፣ አራት ፒክስሎች እያንዳንዳቸው 20,000 ቢያነቡና ሶፍትዌሩ አማካይ ሳይሆን ድምር የሚያወጣ ቢሆን፣ 80,000 ይመጣል። ፋይሉ አይችለውም፤ 65,535 ላይ ይቆረጣል። ያልተቃጠለ የነበረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ስልኬስ?

«ቆይ፣ የእኔ ስልክ 50 ሜጋፒክስል ተብሎ ፎቶ የሚሰጠኝ 12.5 ነው፤ ሌሊትም ያምራል። ያ ቢኒንግ አይደለም?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ነው። ግን የእነዚህ ስልኮች ሴንሰር አሠራሩ ይለያል። ኳድ ቤየር ይባላል፤ አንድ የቀለም ማጣሪያ አራት ጎረቤታም ፒክስሎችን በአንድ ላይ ይሸፍናል። አራቱም ቀይ፣ ወይም አራቱም ሰማያዊ ናቸው። ስለዚህ ሲደመሩ ቀለም አይደባለቅም። ሴንሰሩ የተሠራው ለዚያው ነው። የሶኒን አይኤምኤክስ 294 የያዙ የቀለም ሥነ ፈለክ ካሜራዎችም በዚህ መንገድ ይሠራሉ፤ 1 በ1 ብላችሁ የምታነሱት ራሱ ውስጡ የተጣመረ ነው። የስልክ ማስታወቂያ ያስተማረንን ወደ ተራ የቤየር ካሜራ ስንወስደው ነው የምንሳሳተው።

ምክሩ ልክ የሆነበት ቦታ

ሂስ ስንጽፍ የሚመሰገነውንም ማመስገን አለብን። ከምክሩ ጀርባ አንድ እውነተኛ ሐሳብ አለ፦ ከሚገባው በላይ የደቀቀ ፒክስል አይጠቅምም። አየር ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ኮከብ ነጥብ ሆኖ አይታይም፤ ይፍጨረጨራል። ይህ ሲይንግ ይባላል። በብዙ ቦታ በደህና ሌሊት የኮከብ ምስል ስፋት ከ2 እስከ 3 አርክ ሰከንድ ነው። አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ናት። ጥሩ የሚባለው ልክ፣ ያቺን ስፋት ከሁለት እስከ ሦስት ፒክስል እንዲሸፍናት ነው።

የራሳችሁን ለማወቅ ቀመሩ ይህ ነው፦ 206.265 በፒክስሉ ስፋት (በማይክሮሜትር) ይባዛል፣ ለቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት (በሚሊ ሜትር) ይካፈላል። የእኛ ቴሌስኮፕ የትኩረት ርቀቱ 2,032 ሚሊ ሜትር ነበር። በ3.76 ማይክሮሜትር ፒክስል 0.38 አርክ ሰከንድ በፒክስል ይመጣል። ይህ በጣም የደቀቀ ነው። ሲጣመር 0.76 ይሆናል፤ ለ2 አርክ ሰከንድ ሲይንግ ይስማማል። ስለዚህ እኔ ማጣመር ያስፈልጋል ማለቴ ስህተት አልነበረም! ስህተቴ ካሜራው ውስጥ ማድረጌ ነው። ጠዋት ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ ሳልቸኩል ላደርገው የምችለውን ሥራ ሌሊት በጨለማ አደረግኩት።

ያንኑ ካሜራ 400 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ባላት ትንሽ ቴሌስኮፕ ላይ ብታስሩት ደግሞ 1.94 ይመጣል። ይህ መጀመሪያውኑ ሰፊ ነው። 2 በ2 ብታደርጉት 3.88 ይሆንና ኮከቦቻችሁ ክብ መሆናቸው ቀርቶ አራት ማዕዘን ይሆናሉ። አንድ ካሜራ፣ ሁለት ቴሌስኮፕ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። «ሁሌ 2 በ2» የሚል ምክር ሁለቱን አይለይም።

ካሜራው ውስጥ ማጣመር የሚገባበት ጊዜም አለ። ፎከስ ስታስተካክሉና ዒላማችሁን ስትፈልጉ 2 በ2 ፈጣን ነው፤ ያ ፎቶ አይቀመጥምና ቀለሙ አያሳስብም። ሁለተኛው የዲስክ ጉዳይ ነው። አንድ 1 በ1 ፋይል 52 ሜጋባይት ይሆናል፤ 100 ፎቶ ከ5 ጊጋባይት ያልፋል። በ2 በ2 ግን 1.3 ጊጋባይት ነው። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነና ቦታ ከሌላችሁ፣ ቀለሙን ጠብቆ የሚያጣምረውን መርጣችሁ ብትጠቀሙ አልፈርድባችሁም። ግን ለዲስክ ብላችሁ እንዳደረጋችሁት እወቁት፤ ለብርሃን አይደለም። ዳርክና ፍላት የሚባሉትን የማስተካከያ ፎቶዎችም በዚያው ቢኒንግ ማንሳት እንዳትረሱ።

ምክር ሲወረስ

በእኔ አስተያየት የዚህ ምክር ትልቁ ጥፋት ቁጥሩ ላይ አይደለም፤ ያለ ምክንያቱ መተላለፉ ላይ ነው። «ሲሲዲ ስለሆነ፣ የንባብ ጫጫታው 8 ስለሆነ፣ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ» የሚሉት ሦስት «ስለሆነ»ዎች መንገድ ላይ ወደቁ፤ «2 በ2 አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ብቻ ተረፈ። ምክንያቱ አብሮ ቢመጣ ኖሮ፣ ካሜራው ሲቀየር ምክሩም እንደሚቀየር ማንም ያውቅ ነበር። እኔም መምህር ሆኜ ምክንያቱን ሳልጠይቅ አስተላለፍኩት።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍም ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ካሜራ ያለው ጓደኛ ካላችሁ፣ ወይም ክበባችሁ ካለው፣ አንድ ሌሊት ይህን ሞክሩ። አንዱን ዒላማ 10 ጊዜ በ1 በ1፣ 10 ጊዜ በ2 በ2 አንሱት፤ የእያንዳንዱ ሾት ጊዜ እኩል ይሁን። ለየብቻ ደራርቧቸው። የመጀመሪያውን በሱፐርፒክስል፣ ሁለተኛውን በተለመደው ዲቤየር አውጡት። ሁለቱ ፎቶዎች መጠናቸው እኩል ይሆናል። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ኮከቦቹን አጉልታችሁ እዩ፤ ጠርዛቸውን፣ ቀለማቸውን። ልዩነት ካላያችሁ እኔን ተቹኝ።

እኛ ጥር ላይ ተመልሰን ሄደን ነበር። ኦሪዮን በመሸ ጊዜ አናታችን ላይ ነበር። ካሜራውን ያስተካከለችው ያቺው ተማሪ ናት፤ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ባትሪ ያዝኩላት። ቢኒንጉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝ።

«1 በ1» አለች። አልጠየቀችኝም፤ ነገረችኝ።